ብስክሌትንም ሰሌዳው ላይ ጻፉልን

ለቱሪዝም ሚኒስቴር

ግልባጭ፦ ደንና ፓርክ ለምታስተዳድሩ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ ለመንገድ መሥሪያ ቤቶች፣ ለኢትዮጵያ ብስክሌት ፌዴሬሽን

ጉዳዩ፦ ብስክሌተኞች ደን በር ላይ በምን እንደሚስተናገዱ በጽሑፍ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን።

ይህ ደብዳቤ የወጪ ቁጥር የለውም። ማኅተምም የለውም። የምጽፈው ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ በብስክሌት ወጥተው ገጠር ለገጠር ከሚዞሩ ሰዎች አንዱ ሆኜ ነው። የተመዘገበ ማኅበር አይደለንም። ነርስ አለን፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለን፣ መምህር አለን፣ ሥራ ፈላጊም አለን። የሚያገናኘን ኮረኮንች ነው። አስፋልቱን ለሲኖትራክ ትተንለታል።

የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም። አዲስ መንገድ ሥሩልንም አላልንም። ሎጅም፣ በሪቦን የሚመረቅ ነገርም አልፈለግንም። የምንፈልገው በየደኑ በር ላይ ባለው የዋጋ ሰሌዳ ላይ አንዲት መስመር እንድትጨመር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ደን በር ላይ ደረስን። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ዘበኛውን ችግር ውስጥ መክተት አልፈልግም። በሩ ላይ ሰሌዳ አለ። አገር ውስጥ ጎብኚ ይህን ያህል፣ የውጭ ዜጋ ይህን ያህል፣ መኪና፣ ሞተር ሳይክል፣ ድንኳን፣ ቪዲዮ ካሜራ፣ ሁሉም ዋጋ ተጽፎለታል። ብስክሌት የለም። ዘበኛው ትሑት ሽማግሌ ናቸው። ሰሌዳውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ እንደገና ሰሌዳውን አዩ።

«ልጆቼ፣ እናንተን የት ልመድባችሁ?»

«አባባ፣ እንደ እግረኛ ያስገቡን» አልን።

«እግረኛስ ጎማ የለውም።»

እውነታቸውን ነው። አለቃቸው ጋ ደወሉ። አለቃው «ደብዳቤ ይዘዋል?» አለ። የምን ደብዳቤ፣ ከየት፣ ለማን የሚለውን ግን እሱም የሚያውቀው አልመሰለኝም። ብዙ ከተጠበቀ በኋላ በሞተር ሒሳብ ክፈሉና ግቡ ተባልን። ከፈልን። ደረሰኙ ላይ «ሞተር ሳይክል» ብለው ጻፉ። የሰሌዳ ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አንሥተው ቆዩና ሰረዝ አደረጉበት።

በሌላ ጊዜ፣ እዚያው በር ላይ፣ ሌላ ዘበኛ በነፃ አስገባን። ሌላው ደግሞ «ብስክሌት ክልክል ነው» ብሎ መለሰን። የት ነው የተከለከለው ስንለው «አልተፈቀደማ» አለን። ዘበኞቹን አልወቅስም። ያልተጻፈ ነገር ሲገጥማቸው እንደየመሰላቸው ይወስናሉ፣ ሌላ ምን ያድርጉ? ግን ከከተማ በሌሊት ተነሥቶ ዳገት ሲገፋ ለመጣ ሰው፣ በሩ ላይ ዕጣ የሚወጣበት መሆኑ ያበሽቃል።

ምን ዓይነት ብስክሌት ነው ለምትሉ፣ ግራቭል ነው የሚባለው። መልኩ ከውድድር ብስክሌት ጋር ይቀራረባል፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ወፈር ይላል፣ ከ35 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ። ፍሬኑ ዲስክ ነው። ማርሹ ለዳገት በጣም ይቀላል። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን የድሮ ማውንቴን ብስክሌታችንን ጎማ ቀይረን ነው የምንነዳው። ኮረኮንቹ እንደሆነ አይጠይቅም።

መንገዱ ደግሞ አለ። ትልቁ ነገር ይኼ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ሁላችንም «ዩራፕ» የምንለው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ ብዙ ፒስታ ተሠራ። አንዳንዱ ጥሩ ይዞታ ላይ ነው። አንዳንዱ ጎርፍ ቱቦውን በልቶት መኪና ተስፋ ቆርጦበታል፤ የሚያልፍበት ሰው፣ አህያና ከብት ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው። መኪና የሚበዛበት ፒስታ በበጋ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸነተርና የብስክሌተኛን ጥርስ ያንገጫግጫል። መኪና የተወው መንገድ ግን ለጎማ ይመቻል፣ ወንዝ ወንዙን ይወርዳል፣ ከጫካ ወጥቶ ጫካ ይገባል።

ከዚህ ከሸገር ሳንርቅ ምን እንዳለን ልንገራችሁ። መናገሻ ሱባን ታውቁታላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። በኋላ ዐፄ ምኒልክ ዘበኛ አቁመው አስጠበቁት። እስከ ዛሬ ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው አለ። ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል። የወጨጫ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ አካባቢ ፔዳል መርገጥ ማለት ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ የለም ማለት ነው። ወሬ ስለሌለ ይሰማል። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ቅጠሉ ይንኮሻኮሻል። የምኒልክ ድኩላ ከመንገዱ ዳር ቆሞ አይቶን አይቶን ሲበቃው ይገባል። በመኪና የሚመጣ ጎብኚ ሞተሩ ስለሚቀድመው ይህን አያገኝም።

ወደ ደቡብ፣ ቡታጅራ መንገድ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ አዋሽ አለ። መልካ ቁንጡሬ። ከባልጪት ጋር ሆኖ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ አሻራ ያለበት ሸለቆ ነው። የጥንቱ ሰው ስለት ይሠራበት የነበረው ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ፣ ኦብሲዲያኑ፣ ዛሬም ባልጪት አካባቢ መሬት ላይ ይታያል። ስለቱም አልጠፋም፤ የጎማዬን ጎን በዐይኔ እያየሁ ቀዶታል። ከዚያ በኮረኮንቹ ወደ አዳዲ ማርያም ይታለፋል። ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የአካባቢው ሰው ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር ያያይዛታል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ብስክሌት፣ ወንዝ፣ የዓለም ቅርስና ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን። ስንት አገር ይኼን አገኘ?

የልቤን ልናገር ካላችሁ ግን ባሌ ነው። ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ። ከ4,000 ሜትር በላይ ነው የሚያልፈው፤ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ጎኑ ላይ ቆሟል። ጠዋት ብርዱ ጣትን ይቆርጣል። አይጥ የሚያደባ ቀይ ቀበሮ ይታያል። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቅና የሐረና ደን ይጀምራል። ቁልቁለቱ ላይ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ ይወልቃል። ሽበት ያንጠለጠሉ ዛፎች፣ ቀርከሃ፣ ዝቅ ሲሉ የጫካ ቡና። ፍሬኑ ይግላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያ ውስጥ በፍጥነት ከሚከንፍ መኪናና በጭንቅ ከሚንፏቀቅ ብስክሌት ለቀይ ቀበሮው የትኛው እንደሚሻለው እናንተም ታውቁታላችሁ።

«ማን ይመጣል ለዚህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይመጣሉ። አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ የምትባል ከተማ አለች። ሕዝቧ 25,000 አይሞላም። ባሕር የላት፣ ተራራ የላት። ያላት ፍሊንት ሂልስ የሚባል ኮረብታማ የግጦሽ መሬትና ብዙ ኮረኮንች ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. 34 ሰዎች ተሰብስበው 320 ኪሎ ሜትር ገደማ የኮረኮንች ውድድር አደረጉ። ዛሬ ለዚያ ውድድር በሺህ የሚቆጠር ሰው ከዓለም ዙሪያ ይጎርፋል። ማንም አስፋልት አላነጠፈላቸውም፤ ቢያነጥፉት ውድድሩ አይኖርም ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ በ2021 እ.ኤ.አ. በማሳይ ማራ አካባቢ የራሷን ጀመረች፤ የአገሬው ልጆች ከአውሮፓውያን ጋር ተጋፉበት። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በበኩሉ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና ያዘጋጃል።

ለፌዴሬሽኑ እዚህ ላይ አንድ ቃል አለኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ ስትቀርብ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በመካከሉ ስንት ዓመት አለ! ከፍታው አለን፣ ዳገቱ አለን፣ እግሩ አለን። ኮረኮንቹን ደግሞ ተወልደንበታል።

ግን እኔ ከውድድሩ ይልቅ የምጓጓው ለተራው ጉዞ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ስላየሁ። በመኪና የመጣ ጎብኚ ምሳውን ከከተማ ይዞ ይመጣል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይመለሳል። ብስክሌተኛ ይርበዋል። በየሃያ ኪሎ ሜትሩ ይርበዋል። በሶ በጥብጦ ቢይዝም አይበቃውም። ሻይ ቤት ሲያገኝ ዳቦ ያልቃል፣ እንቁላል ያልቃል፣ ሙዝ ያልቃል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ያላቸውን እርጎ ሁሉ አቅርበውልን «እናንተ ስትመጡ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ላም ልጨምር» ብለውናል።

ጎሚስታውስ? አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታው የአይሱዙ ጎማ ትቶ መጣ። የኮምፕረሰሩን ጫፍ ሰካ፣ አልገጥም አለ። የእኛ ጎማ አየር ማስገቢያ ቀጭን ነው። ከቦርሳዬ ጥፍር የምታክል ማገናኛ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላበጣት፣ ሳቀ፣ ገጠማት። ከዚያ መንፋት ጀመረ። በቃ ስለው አይበቃም፤ በአውራ ጣቱ ጫን እያደረገ «ገና ነው፣ ልል ነው» ይላል። ኮረኮንች ላይ በጣም የተነፋ ጎማ እንደሚነጥር፣ ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን እንደሚውጥ ላስረዳው ሞከርኩ። አላመነኝም። ነፋልኝ፣ ከከተማው ወጥቼ ራሴ ቀነስኩት። በተመለስንበት ጊዜ ግን ያችን ማገናኛ የምትመስል ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ሚስማር ላይ ሰቅሏት አገኘሁ። «ለናንተ ነው» አለኝ። የቱሪዝም ገበያ ሲባል እኔ የሚታየኝ ያቺ ሚስማር ናት።

አሁን የእኛን ግዴታ ልናገር፤ መብት ብቻ እየጠየቅን አንዘልቅም። ደን ውስጥ የመኪና መንገዱን ብቻ እንነዳለን። በእግር መንገዱ ወይም በዛፉ መካከል አዲስ መሹለኪያ አንከፍትም። በዚህ ላይ ከአንዳንድ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም፤ እነሱ የቁልቁለት መሹለኪያ ቢቆፈርላቸው ይወዳሉ። ለእሱ እንጦጦ ፓርክ አለ። ለዘመናት የተጠበቀ የጽድ ሥር ላይ መዝለያ መሥራት ነውር ነው። እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ጭነት የያዘ አህያ ቅድሚያ አላቸው፤ እንወርዳለን። ሙዚቃ አናሰማም። ሲመሽ እንወጣለን።

በክረምት ደግሞ ዝጉብን። ከልቤ ነው። በበቾ ሜዳ ወይም አዋሽ ዳር ዋልካ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ብስክሌት ነድቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በብረቱ መካከል ይሞላል፣ ጎማው መዞር ያቆማል። በእንጨት ይፈለፈላል፣ አሥር እርምጃ፣ እንደገና። በመጨረሻ ብስክሌቱ ነው የሚጋልበው፣ ትከሻችን ላይ ሆኖ። የእኛ መሰቃየት ይቅርና መንገዱ ይቦረቦራል። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ደኑን ለብስክሌት መዝጋት ቢታሰብ አንቃወምም፤ ብቻ ተጽፎ ይታወቅ።

ክፍያም እንከፍላለን። ይህን የምለው ለአስጎብኚና ለፈረስ አከራይ ማኅበራት ስል ነው። ፈረስ በማከራየት የሚተዳደር ሰው ብስክሌት ሲያይ እንጀራውን የሚቀማ ነገር እንደመጣ ቢያስብ አይፈረድበትም። ከብስክሌተኛው ክፍያ ለማኅበሩ የሚደርስ ድርሻ ይኑር። ከአካባቢው ልጆች ብስክሌት የሚችል አይጠፋም፤ እሱ መንገድ ይምራን፣ ይከፈለው። በነገራችን ላይ የሚቀድመን እሱ ነው። በ2,600 ሜትር ከፍታ ላይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ በእግራቸው የሚከተሉን ሕፃናት እንኳ ይቀድሙናል።

የጸጥታውን ነገር ሳላነሣ ብቀር ታዝቡኛላችሁ። አገራችን ዛሬ በየአቅጣጫው በሙሉ ልብ ብስክሌት የሚነዳባት አይደለችም። የጀማ ሸለቆ፣ የሙገር ሸለቆ፣ ብዙ የምንመኛቸው መንገዶች አሉ፤ በሁሉም ቦታ ግን እንሂድ ማለት አይቻልም፣ የሚኖርበትም ሰው ከእኛ የባሰ ጭንቀት አለበት። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ ክፈቱልን አላልንም። ግን ደኅና በሆነበት ቦታም ቢሆን ኬላ ላይ ያለ ሰው ሄልሜት አድርጎ፣ መነጽር ሰክቶ፣ ጠባብ ቁምጣ ለብሶ ከጫካ የሚወጣ ሰው ሲያይ መጠርጠሩ አይቀርም። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ለወረዳው ቀድመን የምናሳውቅበት አንድ ስልክ ቁጥር ቢኖር፣ ኬላውም «ዛሬ ብስክሌተኞች ያልፋሉ» የሚል ወሬ ቢደርሰው፣ የሁላችንም ልብ ያርፋል። አሁን ባለው አሠራር የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ሦስት ቢሮ ይዞራል። ሦስቱም «የሚመለከተው ሌላ ክፍል ነው» ይላሉ።

ለመንገድ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ይህችን ብቻ። አስፋልት ይሠራ፤ ገበሬው እህሉን በኮረኮንች ላይ እያንገጫገጨ እንዲኖር የምንመኝ ክፉዎች አይደለንም። ወላድ የጫነ አምቡላንስ ለስላሳ መንገድ ይገባዋል። ግን አስፋልቱ መስመር ቀይሮ ሲያልፍ የድሮው ፒስታ ብዙ ጊዜ የድንጋይ መድፊያ ይሆናል ወይም ይቆፈራል። እሱን ተዉት። ከብት የሚነዳ እረኛም፣ ተማሪም፣ እኛም እንሄድበታለን፤ ከመኪናው ጋር መጋፋቱም ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት መንገድ ሲሠራ አይተን ደስ ብሎናል። ያ መንገድ ግን የሚያልቀው ከተማው ሳያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ብስክሌታችንን የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭነን፣ ከረዳቱ ጋር በዋጋ ተጨቃጭቀን ነው ከከተማ የምንወጣው።

እንግዲህ ለመጀመር ያህል አንድ ደንና አንድ ወንዝ ይበቃናል። ደኑ መናገሻ ሱባ ቢሆን፣ ወንዙ አዋሽ ቢሆን፣ ከመልካ ቁንጡሬ እስከ አዳዲ ማርያም። ለአንድ በጋ ይሞከር። በሩ ላይ «ብስክሌት» የሚል ቃልና አጠገቡ ዋጋ ይጻፍ፤ የሚነዳበት መንገድ፣ የሚዘጋበት ወርና የሚደወልበት ቁጥር ከሥሩ ይግባ። በጋው ሲያልቅ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ማን ምን እንዳጠፋ ይታይ። ካላዋጣ ሰርዙት።

የሕጉን ረቂቅ ጽፈን፣ የመንገዱን ካርታ በጂፒኤስ ቀድተን በነፃ እናመጣለን። ከእናንተ የሚጠበቀው የምትቀበሉንበት ቢሮ ቁጥርና ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ይሁንልን፤ ቅዳሜና እሑድ አንገኝም።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ብስክሌተኛ